አባ ደንቤ እና ስም አልባዎቹ ብልቃጦች

በዚያ የምርምር ተቋም ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ ይባል ነበር፤ አንዱ ምድር ቤት ያለው ትልቁ ማቀዝቀዣ፣ ሌላው የማቀዝቀዣው ጠባቂ ፊት። ቀልዱን የፈጠሩት ሠራተኞቹ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ጠባቂው ለዓመታት ሳይሰማው ኖረ። ዛሬ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያወራው እሱ ራሱ ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ደንቡን ከማስተማሬ በፊት የኔን ጉድ ስሙ» ብሎ ይጀምራል።

በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ለሁሉም «አባ ደንቤ» ነው። ሥራው ድሮ ማቀዝቀዣ መጠገን ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ የተቃጠለ ሞተር ሊቀይር መጣ፤ ቀይሮ ሲጨርስ የያኔው ኃላፊ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ፣ «እዚሁ ለምን አትቀርም?» አሉት፤ ቀረ። የሚጠበቀው ነገር «ልውጥ ሕያው» እንደሚባል፣ ዘረመሉን ሰው በእጁ የለወጠው ፍጥረት እንደሆነ ሲነግሩት ቢያንስ ሁለት ራስ ያለው አውሬ ጠብቆ ነበር። በሩን ከፍተው ያሳዩት ግን ከጣት ጫፍ የማትበልጥ የፕላስቲክ ብልቃጥ ናት፤ ውስጧም የቀዘቀዘች ጠብታ።

«ይቺን ነው የምጠብቀው?» አለ፤ በእውነት ተከፍቶ።

«ይቺን ነው» አሉት ሽማግሌው። «ስሟ ተጽፎባት እዚህ ስትቀመጥ ሥራችን ናት። ስሟ ከጠፋ ግን ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም። የማላውቀውን እንግዳ ደግሞ ቤቴ አላሳድርም።»

ይቺ ንግግር ገብታ አንጀቱ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው በጡረታ ሲሄዱ አባ ደንቤ ከመጽሐፍም፣ ከመንግሥት መመሪያም፣ ከራሱ ፍርሃትም ቀላቅሎ አሥራ ሁለት ደንቦች ጻፈና በሩ ላይ ለጠፈ። ብልቃጥ በሳጥን፣ ሳጥን ደግሞ ቢወድቅ በማይሰበርና በሚቆለፍ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። የገባው የወጣው በመዝገብ ይስፈር። ማቀዝቀዣውን ማንም ብቻውን አይክፈት፣ ሁለት ሰው ይሁን፤ ይህ አራተኛው ነው። ምግብ በአጠገቡ አይለፍ። ሰባተኛውን በቀይ ነው የጻፈው፦ ስም የሌለው ብልቃጥ አንድ ሌሊት አያድርም፤ በእንፋሎት ማምከኛ ገብቶ ይጥፋ።

ደንብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንድ ቀይ ደብተርም ነበረው። የጥፋተኞች ደብተር። ጓንት ሳያደርግ የገባ፣ መዝገብ ሳይፈርም የወጣ፣ በሩን ሲከፍት ብዙ ያወራ፣ ሁሉም እዚያ ሰፍሯል። አሁን ያሉት ኃላፊ እንኳ አንድ ቀን ብስኩት ይዘው በበሩ ስላለፉ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አሉ። በደብተሩ ውስጥ የሌለ አንድ ሰው ቢኖር ባለ ደብተሩ ነው።

ቤቱም ከዚህ አልተረፈም። የጨው ዕቃ «ጨው»፣ የስኳር ዕቃ «ስኳር»፣ የመብራት ማጥፊያው «የሳሎን መብራት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ ሳቅ ይቀላታል። «እኔ ላይ ብቻ ነው ያልለጠፍከው» ትለዋለች። «አንድ ቀን ትረሳኝና ማምከኛ ውስጥ ታስገባኛለህ።» እሱ ግን ደንብ የሚያስቀው ሰው አልነበረም።

ታዲያ በዚህ ሰው እጅ የአራት ዓመት ሥራዋን ያስቀመጠች አንዲት ተመራማሪ ነበረች። ከቀለም ፋብሪካ የሚወጣን ቆሻሻ ውሃ የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች ለማግኘት ስትለፋ የኖረች ናት። አንዱን ስትለውጥ፣ አንዱን ስትጥል፣ በመጨረሻ ተስፋ ያላቸው አርባ ስምንት ዝርያዎች ቀሯት፤ አርባ ስምንት ብልቃጥ፣ በአንድ ሳጥን። የሁሉንም ስም የጻፈችው በእርሳስ ነበር። አባ ደንቤ ይህን ያየ ዕለት ደም ሥሩ ተገተረ።

«እርሳስ? ልጄ፣ እርሳስ እኮ ይጠፋል! አንደኛ ክፍል ነው እንዴ ያለነው?»

«ጋሼ፣ እርሳስ ይሻላል ብለው ነው ያስተማሩኝ።»

«ያስተማሩሽ ሰዎች እዚህ መጥተው ቁልፍ ይያዙ እንግዲህ።»

ቀይ ደብተሩ ላይ ጻፋት፤ «ባለ እርሳሷ» የሚል ስምም አወጣላት፤ ከራሱ መሳቢያ ጥቁር ማርከር አውጥቶ ሰጣት። ማርከሩን ራሱ የመረጠው ነው። ሲመርጥም በዋዛ አይደለም፤ ብልቃጥ ላይ ጽፎ በቧንቧ ውሃ አጥቧል፣ በሳሙና ፈትጓል፣ በጥፍሩ ፍቋል። አልለቀቀም። «የማይለቅ» ብሎ የማርከሩ ሳጥን ላይ በትልቁ ጻፈበት። ከዚያ እንዳይቀልጡ ደረቅ በረዶ በተሞላ ገበታ ላይ ብልቃጦቹን አስቀምጦ አጠገቧ ቆመ፤ እርሳሱን በላጲስ ታጠፋለች፣ በማርከር ትጽፋለች፣ እሱ ያያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ሻይ አማረው። «ቀሪውን እንደዚሁ» ብሎ፣ ለምስክርነት የጽዳት ሠራተኛዋን አጠገቧ አቁሞ ሄደ። ሲመለስ አርባ ስምንቱም ጠቁረው አገኛቸው። ደስ አለው።

ይህ በሆነ በስድስተኛው ወር ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ነገ ትመጣለች የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ሌላው ሰው ጠረጴዛውን አጸዳ። አባ ደንቤ ሆዬ ግን ለእንግዳ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ውርጭ ሳይቀር ሊያጸዳ ተነሣ። ሁለት ሰው ይሁን የሚለው ደንብ? እሱ እኮ ለሌሎች የተጻፈ ነው! ጠዋት በሦስት ሰዓት ብቻውን ከፈተና ከሁሉም የበለጠ ውርጭ የያዘውን ሳጥን መረጠ፤ የባለ እርሳሷን። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ እያሸ፣ በደረቅ በረዶው ገበታ ላይ እንዳገኘ ይደረድራል። የአፍ መሸፈኛው መነጽሩን በትንፋሹ ሲያደበዝዝበት መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተው። ጨርቁ እየጠቆረ ሄደ። «አይ ቆሻሻ! ይህን ሁሉ ይዛ ነው የተቀመጠችው» አለ በኩራት። ከብልቃጦቹ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ አንድ የማይለቅ ግራጫ እድፍ አለ። ቢያሽ፣ ቢያሽ እንቢ አለው። ተናደደና ተወው።

ሥራውን ሲጨርስ ብልቃጦቹን በየተራቸው ሊመልስ መነጽሩን አደረገ።

ወሽመጡ ተቆረጠ። ሀ-አንድ የለችም። ሀ-ሁለት የለችም። አርባ ስምንት ብልቃጥ እንደ ተላጨ ራስ ያፈጥጡበታል፤ መልሶ የሸፈናቸው ቀጭን ውርጭ እንጂ ጥቁር ፊደል የሚባል አልነበረም። ጨርቁን አየው። ጨርቁ ላይ ያለው ቆሻሻ አልነበረም፤ የልጅቷ አራት ዓመት ነበር። በውሃ ያልለቀቀ ማርከር በአልኮል ይለቃል። ውሃውን ሞክሮ፣ ሳሙናውን ሞክሮ፣ ጥፍሩን ሞክሮ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚረጨውን አልኮል ብቻ ነው ያልሞከረው። ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን አጠፋ ማለት ይኸው ነው።

ሰባተኛው ደንብ በሩ ላይ ሆኖ በቀይ ያየዋል። ስም የሌለው አንድ ሌሊት አያድርም።

እዚህ ላይ ሲደርስ አባ ደንቤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚያሳፍረው ይህኛው ክፍል ነውና። መዝገቡን ከፈተ። የአርባ ስምንቱ ስም በዝርዝር አለ። ማርከሩን አነሣ። በመጀመሪያዋ ብልቃጥ ላይ «ሀ-1» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛዋ «ሀ-2»፣ በሦስተኛዋ «ሀ-3»። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም፤ ግን ያምራሉ፤ እንዲያውም ጽሕፈቱ ከልጅቷ ጽሕፈት ይበልጣል ብሎ አሰበ። እንዲህ ነው ሰው፤ ሌብነት ላይ ቆሞም ስለ ጽሕፈቱ ይኮራል። ነገ ተቆጣጣሪዋ ትቆጥራለች፣ ስሙን ታያለች፣ አርባ ስምንት ትላለች፣ ትሄዳለች። ማን ያውቃል?

አራተኛዋን አነሣና እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ ትዝ አለችው። አንድ ቀን የመላ ሕንፃው መብራት ጠፍቶ «ይቅርታ፣ ምናልባት እኔ ነኝ» ያለች ሰው ናት። ከዓመት በኋላ ሙከራዋ አልይዝ ሲላት፣ ውሃው አልጠራ ሲላት፣ ማንን ትወቅሳለች? ማቀዝቀዣውን? አባ ደንቤን? በጭራሽ። ራሷን ነው። «አልቻልኩም» ብላ ሥራውን ጥላ ትሄዳለች፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ በመዝገብ አስፈርሞ ይሸኛታል። ይህን ሲያስብ ከራሱ ጋር መቆም ጠላ። የጻፋቸውን ሦስቱን በዚያው አልኮል ጠረገ። አልኮሉ በዚያ ቀን የሠራው ጥሩ ሥራ ይህ ብቻ ነው። እንዳይቀልጡበት ብልቃጦቹን ወደ ሳጥኑ መልሶ ማቀዝቀዣውን ቆለፈና ሚስቱ ጋ ደወለ።

ስለ አየሩ አወራ። ስለ ቤት ኪራይ አወራ። ስለ ጎረቤት ውሻ አወራ።

«ምን አጠፋህ?» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሦስት ደቂቃ ሙሉ ደንብ ሳትጠቅስ አወራህ። አሞሃል ወይም አጥፍተሃል።»

ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር ቢቀድ ምን እንደምለው ታውቃለህ?» አለችው። «ብጫቂውን ይዘህ ሂድና ስጠው ነው የምለው። ለኔ አታሳየኝ። ሂድ።»

ከምድር ቤት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ሠላሳ ስድስት ደረጃ ነው። ያን ቀን መቶ መሰለው። በየደረጃው አንድ ሰበብ ያገኛል፤ ማርከሩን የሠራው ፋብሪካ፣ ደብዳቤውን ዘግይቶ የላከው መሥሪያ ቤት፣ መነጽሩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እሱ ሲያደርገው እንዴት ይቀላል! በር ላይ ሲደርስ ልጅቷ አጎንብሳ ትጽፋለች።

«ልጄ» አለ። «አርባ ስምንቱንም አጠፋኋቸው።»

ቀና አለች። «ሞቱ?»

«አልሞቱም። ስማቸውን ነው ያጠፋሁት። ለነገ እንዲያምሩ ብዬ በአልኮል ወለወልኳቸው፤ ማርከሩ ለቀቀ። ተራቸውንም ቀላቅያለሁ። ብቻዬን ነው የከፈትኩት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

የልጅቷ እንባ መጣ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው። አባ ደንቤ ጨርቁን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ሚስቱ ብጫቂውን ይዘህ ሂድ ስላለችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ጥቁር ጨርቅ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በድንገት፦

«ጋሼ፣ ግራጫ ነገር አልነበረባቸውም?»

«እድፍ ነበረባቸው። እንኳን እሱን አላነሣሽው፤ ግማሽ ሰዓት ፈትጌው እንቢ አለኝ።»

ተነሣች። ጓንቷን እያጠለቀች ነው የተነሣችው። «ይምጡ፤ ይክፈቱልኝ።»

ወረዱ። በዚያ ቀን ማቀዝቀዣው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንቡ በሁለት ሰው ተከፈተ። መብራት አቀረበች፤ የመጀመሪያዋን ብልቃጥ አነሣች፤ በአውራ ጣቷ ውርጩን ገፋ አደረገች። ባዶ። አባ ደንቤ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛዋን አነሣች።

«ለ-17» አለች። «ለ-17 ናት ጋሼ! የእርሳስ ጽሑፌ ናት!»

ተቀብሎ አየ። ያ ሲፈትገው የቆየው እድፍ፣ ያ አልለቅም ያለው ግራጫ፣ ቀጥ ያለ የልጅቷ የእርሳስ ፊደል ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እሱ ልቡ እድፍ ብሎ ስለ ወሰነ መነጽር አድርጎም እድፍ ነው ያየው።

«እንዴት ሊሆን ቻለ? እርሳሱን አጥፊ ብዬሽ አልነበር?»

አንገቷን ደፋች። «አጠፋሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ሳሉ። ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ ግን ልቤ እንቢ አለኝ። እርሳሱ ላይ በማርከር ደርቤ ጻፍኩበት። ይቅርታ ጋሼ። እንቢ ብዬዎት ነው።»

እየለዩ ቆጠሩ። ሠላሳ ሰባቱ በእርሳስ ተርፈዋል። አሥራ አንዱ ባዶ ናቸው፤ በትክክል አሥራ አንዱ። እሱ አጠገቧ ቆሞ ያያቸው፣ እንደ ደንቡ የተጻፉት፣ ሻይ እስኪያምረው ድረስ ዓይኑን ያልነቀለባቸው። ቆሞ የጠበቃቸው ጠፉ፤ ትቶ የሄዳቸው ዳኑ። አባ ደንቤ ይህን ሲናገር ያስቃል፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቀም፤ የደረቅ በረዶውን ሳጥን ተደግፎ ቆየ።

«አስመርምረን እንለያቸው ይሆን?» አለች ልጅቷ በቀስታ። «ሳምንታት ቢወስድም።»

ሰባተኛውን ደንብ ቀና ብሎ አየው። ባለፈው ዓመት ሌላ ተመራማሪ ይህንኑ ጠይቆት «አንድ ሌሊት ብዬ ጽፌያለሁ» ብሎ አሳፍሮ መልሶታል። ለዚያ ሰው የጠነከረ ደንብ ለራሱ ጥፋት ሲሆን ሊለዝብ ነው? ደግሞም የሽማግሌው ቃል ትዝ አለው። «አይ ልጄ» አለ። «ማን እንደሆኑ አናውቅም። ስማቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ፤ የምሸኛቸውም እኔው ልሁን።» አሥራ አንዱን በድርብ ከረጢት አሸገ፤ እሷ ምስክር ሆነች፤ ማምከኛው ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ገጠመ። እንፋሎቱ ጮኸ። የሰባት ወር ሥራ ነበር።

ከዚያ ቀይ ደብተሩን አወጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ጽፎት የማያውቀውን ስም፣ የራሱን፣ ከነአባቱ ጻፈ። አራተኛውን ደንብ ጥሷል፤ ብቻውን ከፍቷል። ማርከሩን በአልኮል ሳይሞክር አከፋፍሏል። አሥራ አንድ ብልቃጥ አጥፍቷል።

«የኔንም ይጻፉ» አለች ልጅቷ። «አልታዘዝኩም።»

አሰበበት። ደንብ ደንብ ነው። «ባለ እርሳሷ» ብሎ ጻፈ፤ «ጠባቂው ያዘዛትን አልፈጸመችም። በዚህ ምክንያት ሠላሳ ሰባት ብልቃጥ ተረፈ።»

በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ቃል የማታባክን ሴት ናት። መዝገቡን አየች፣ ቁልፉን አየች፣ ቀይ ደብተሩን ገልጣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመች።

«ይህ ሰው ማነው?» አለች፤ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብላ አነበበች።

ኃላፊው ግራ ተጋብተው ሠራተኞቹን አዩ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ያለን አይመስለኝም» አሉ ኃላፊው። አባ ደንቤ ከኋላ ሆኖ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪዋ ብቻ አልሳቀችም። ሌሎች ተቋማትም የጥፋት ደብተር እንዳላቸው፣ ባለ ደብተሩ ራሱን የጻፈበት ግን አይታ እንደማታውቅ ተናገረችና ፈረመች።

አሥራ ሁለተኛው ደንብ ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰው ቁልፉን ለሦስት ወር ያስረክብና ሥልጠናውን ከሀ ይጀምራል ይላል። ሥልጠናውን የሚሰጠው ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ ነበር። ስለዚህ ቁልፉም ማስተማሩም ለባለ እርሳሷ ተሰጠ። አባ ደንቤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የገዛ ደንቦቹን በሌላ ሰው አፍ ሰማ። አንዳንዶቹ በጣም ረጅም እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባው። መሃል ላይ ማንቀላፋቱን የጽዳት ሠራተኛዋ አይታ ቀይ ደብተሩ ላይ አስመዘገበችው።

በስምንተኛው ወር አሥራ አንዱ ብልቃጦች እንደገና ተሠርተው መጡ። ልጅቷ በደረቅ በረዶው ገበታ ላይ ደረደረቻቸውና እርሳስ ዘረጋችለት።

«እርስዎ ይጻፉባቸው ጋሼ። እኔ ቆሜ ልይዎት?»

አባ ደንቤ እርሳሱን ተቀበለ።

«ኧረ ተይ ልጄ፤ እበሩ ጋ ቁሚ፣ ሁለት ሰው መሆናችን ይበቃል» አለ። «ፊትሽንም አዙሪ። ቆሜ ያየኋቸው ናቸው የጠፉት።»

ፊቷን አዞረችለት፤ እሱም መነጽሩን ጠርጎ አደረገና አሥራ አንዱን ጻፋቸው።